ከፊርማው በፊት ናሙናው ይጓዝ

የውጭ ዩኒቨርሲቲ ትብብር እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጀመረው። ኃላፊዎች ይፈራረማሉ፣ ከባነር ሥር ፎቶ ይነሣሉ፣ ሰነዱም ዶሴ ውስጥ ይገባል። የመግባቢያ ሰነድ ግን በራሱ በጀት የለውም፣ የሥራ ዝርዝርም የለውም። ዘመኑ ሲያበቃ አንድ የሙከራ ኪዩብ (ጥንካሬው እንዲለካ የሚሰበር የኮንክሪት ጡብ) እንኳ ያልተሰበረበት ስንት ሰነድ አለ! በመዋቅር ቁሳቁስ ምርምር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በዚህ ሙያ ሁለት ላብራቶሪዎች ተግባብተዋል የሚባለው ከአንድ ጆንያ የወጣ ነገር ለየብቻቸው ሠርተውና ሰብረው ተቀራራቢ ቁጥር ሲያገኙ ነውና።

ስለዚህ ጎንደር ላይ ሆኖ ከውጭ የምርምር ማዕከል ጋር መሥራት ለሚፈልግ መምህር፣ ቴክኒሻን ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ ናሙና ላኩ፣ ቁጥር አወዳድሩ፣ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ምን ይላክ ለሚለው፣ ሲ-25 የሚባለው የተለመደ የሕንጻ ኮንክሪት የትም ስለሚገኝ ማንንም አያጓጓም። ጎንደር ያላት ኖራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) እና በኖራ ሞርታር፣ ማለትም ከኖራ፣ ከአሸዋና ከውሃ በተቦካ ማጣበቂያ፣ የተሠራ ነው፤ ቅስቶቹና መስኮቶቹ ላይ ቀይ ቱፍ (ከእሳተ ገሞራ አመድ የሆነ ለስላሳ ድንጋይ) ገብቶበታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠገነ፤ በኋላ የመጡ ጥገናዎች ያንን ሲሚንቶ እያነሡ ወደ ኖራ ለመመለስ ሞክረዋል። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠጣርና ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ የገባው የክረምት ዝናብ በመጋጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ ፊት ይወጣል። ጨዉም አብሮ ወጥቶ ድንጋዩ ውስጥ ይረጋል። በዚህ የሚጎዳው ደግሞ ባዛልቱ ሳይሆን ቀዳዳ የበዛበት ቱፍ ነው። የፋሲል መዋኛ ላይ ሌላ ጥያቄ አለ። በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል፣ ከበዓሉ በኋላ ይደርቃል፤ የግድግዳው ታችኛ ክፍል ላይ ያለ ሞርታር በየዓመቱ እርጥበትና ድርቀት ይፈራረቁበታል። የጥገና ኖራ እዚህ ቦታ ላይ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ጥያቄ ለማንኛውም የቁሳቁስ ማዕከል የሚበቃ ርዕስ ነው።

የመጀመሪያው የጋራ ሥራ ግን ከግንቡ አይነሣም። በገበያ የሚገኝ ኖራና አንድ ዓይነት አሸዋ ይበቃል። አንዱ ወገን ኖራውን፣ ሌላው አሸዋውን ለሁለቱም ያቅርብ። የአውሮፓ መደበኛ አሸዋ በ1,350 ግራም ከረጢት ታሽጎ ስለሚመጣ የውጭው ወገን ቢልከው ይሻላል። ሁለቱ ወገኖች በየአካባቢያቸው አሸዋ ከሠሩ ንጽጽሩ የላብራቶሪ መሆኑ ይቀርና የአሸዋ ይሆናል።

ናሙናው 40 በ40 በ160 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ነው። በየዕድሜው 3፣ ለሦስት ዕድሜ 9 ዘንግ ለእያንዳንዱ ላብራቶሪ። የአንዱ ይዘት 256 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ ከብክነቱ ጋር 3 ሊትር ሞርታር ይበቃል። እያንዳንዱ ዘንግ መጀመሪያ በመታጠፍ ይሰበራል፣ ከዚያ ሁለቱ ግማሾች በመጨመቅ ይሰበራሉ፤ ስለዚህ በየዕድሜው 3 የመታጠፍና 6 የመጨመቅ ውጤት ይገኛል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲመዘን ነው። "1 ለ 3" የሚለው ቅይጥ፣ አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ ማለት ነው፣ በድሮው ልማድ በይዘት ነው፤ በሣፋ የሚሰፈር። ደረቅ የኖራ ዱቄት በሊትር ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲመዝን አሸዋ 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በይዘት 1 ለ 3 የሆነው ቅይጥ በክብደት ወደ 1 ለ 9 ይጠጋል ማለት ነው። አንዱ ላብራቶሪ በሣፋ፣ ሌላው በሚዛን 1 ለ 3 ከሠራ የሁለተኛው ሞርታር ሦስት እጥፍ ኖራ ይይዛል፣ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። መፍትሔው የሁለቱን ደረቅ ጥግግት መለካት፣ ወደ ግራም መቀየር፣ ከዚያ ወዲያ በሰነድ ላይ ግራም ብቻ መጻፍ ነው። ውሃውን ግን አስቀድማችሁ በቁጥር አትወስኑት። የመስፋፊያ ጠረጴዛው (እያነጠረ ትኩሱ ሞርታር ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚያሳየው) ላይ በ15 ምት 175 ሚሊ ሜትር፣ ሲበዛ 10 ከፍ ወይም ዝቅ፣ እስኪሰፋ ድረስ ጨምሩና ስንት ግራም እንደገባ መዝግቡ።

ኖራን እንደ ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ነው፤ ውሃ የሞላው ቀዳዳ አየር አያስገባም፣ በጣም የደረቀም ቢሆን ሂደቱ ይቆማል። የአውሮፓው ደረጃ ለኖራ ሞርታር የሚያዘው 5 ቀን ከነሞልዱ (ከነቅርጽ ማውጫው)፣ 2 ቀን ከሞልድ ወጥቶ በ95 በመቶ እርጥበት፣ ከዚያ እስከ 28 ቀን በ65 በመቶ እርጥበት ነው። የጎንደር በጋ አየር ከዚህ በታች ይወርዳል፣ ክረምቱ ደግሞ ይበልጠዋል። የእርጥበት ክፍል ለሌለው ላብራቶሪ ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ታች የጠገበ (ከዚህ በላይ ጨው የማያሟሟ) የገበታ ጨው ውሃ በትሪ ቢቀመጥ እርጥበቱ 75 በመቶ አካባቢ ይረጋል። በገበታ ጨው ፈንታ ማግኒዥየም ናይትሬት የሚባለው ጨው ከተገኘ ወደ 54 በመቶ ይሆናል። ሣጥኑ ግን ተዘግቶ ከቀረ ዘንጎቹ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በልተው ይጨርሱትና ሥራው ይቆማል። በየቀኑ መክፈት ወይም በትንሽ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ አየር ማስገባት ያስፈልጋል፤ የሚገባው አየር መጀመሪያ በዚያው የጨው ውሃ ውስጥ ቢያልፍ እርጥበቱ አይናጋም።

በ28 ቀን የሚገኘው የኖራ ቁጥር ብዙ አይናገርም። 90 እና 180 ቀንን ጨምሩ። በየዕድሜው አዲስ ስባሪ ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን ቀለም አሳዪ ፈሳሽ ርጩበት፤ ሐምራዊ የሆነው ገና ያልጠነከረ ውስጡ ነው፣ ቀለም ያልያዘው ዳር ደግሞ ካርቦኔት የሆነው። የዳሩን ውፍረት በአራቱም ጎን ለኩ። ሁለቱ ላብራቶሪዎች የተለያየ ጥንካሬ ሲያገኙ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ልኬት ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ለኮንክሪት ኪዩብ የሚያገለግለው 2,000 ኪሎ ኒውተን መጨመቂያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የኮንክሪቱ ኪዩብ 150 በ150 ሚሊ ሜትር ነው፤ 25 ሜጋ ፓስካል ሲደርስ 562.5 ኪሎ ኒውተን ይነበባል፣ ማሽኑም ምቾት ላይ ነው። የኖራው ግማሽ ዘንግ ግን 40 በ40 ሚሊ ሜትር ላይ 1 ሜጋ ፓስካል ቢሸከም የሚነበበው 1.6 ኪሎ ኒውተን ነው። ይህ ከማሽኑ አቅም አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም፤ ካሊብሬሽኑም (የንባቡ ትክክለኛነት ማረጋገጫ) እዚያ ድረስ አይወርድም። ቁጥር ይወጣል፣ ግን ቁጥሩ የሞርታሩ መሆኑ አይታወቅም። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ክፍል አለ። የአፈርና የመንገድ ላብራቶሪው የሲቢአር መጫኛ (የመንገድ አፈርን የመሸከም አቅም የሚለካ ማሽን) 5 ወይም 10 ኪሎ ኒውተን የኃይል መለኪያ ቀለበት ቢገጠምለት በደንብ ያነብባል። የሲቢአሩ ፍጥነት በደቂቃ 1.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሞርታሩ ደረጃ የሚጠይቀው ናሙናው ከ30 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ እንዲሰበር ነው። ጥቂት ዘንግ ለሙከራ ሰብራችሁ ሰዓቱን ያዙ፤ ከወሰኑ ከወጣ ፍጥነቱን ቀይሩ፣ መቀየር ካልተቻለ ያኛው ወገንም በዚያው ፍጥነት ይስበር። ቀለበቱ የካሊብሬሽን ወረቀት ከሌለው ወይም ጊዜው ካለፈ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ስነ ልክ ኢንስቲትዩት ይሂድ። ይህን ሳያደርጉ ውጤት መላክ የሰው ጊዜ ማባከን ነው።

አብዛኛው የሙከራ ደረጃ ቆላ ላይ የተጻፈ መሆኑን እዚህ የሚሠራ ሰው ልብ ሊለው ይገባል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ሲሆን ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው። ይህ ከሻይ በላይ የሚነካው ነገር አለ። ሲሚንቶ ከጠነከረ በኋላ አለመስፋፋቱን የሚለካው የለ ሻትሊየር ሙከራ ናሙናውን 3 ሰዓት ያፈላል፤ ደረጃው የሚፈቅደው እስከ 10 ሚሊ ሜትር መስፋት ነው። በ93 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ከ100ው ያነሰ ያፋጥናል፤ ስለዚህ ጎንደር ላይ አለፈ የተባለ ሲሚንቶ ባሕር ዳርቻ ላይ ተመሳሳይ ንባብ ላይሰጥ ይችላል። ከትብብሩ ዋነኛ ጥቅሞች አንዱ ይኸው ነው። የውጭው ላብራቶሪ በቴርሞስታት ገንዳ ውሃውን 93 ላይ ይዞ አንድ ዙር፣ በሙሉ ፍላት ሌላ ዙር ቢሠራ ከፍታው የሚያመጣው ልዩነት ራሱን ችሎ ይወጣል። ለማስተርስ መመረቂያ የሚበቃ ጥያቄ ነው፣ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የቫኩም ጌጅም እንዲሁ ያሳስታል። ከውጭ የመጣው የአሠራር ሰነድ "ጌጁ ኔጌቲቭ 90 ኪሎ ፓስካል እስኪያነብ" ቢል ጎንደር ላይ የትኛውም ፓምፕ እዚያ አያደርስም፤ ያለው አየር በሙሉ ቢወጣ እንኳ ጌጁ 78 አካባቢ ላይ ያበቃል። ፓምፑን ተበላሸ ብሎ ከመፍታት በፊት ሰነዱ ላይ ቀሪውን ፍጹም ግፊት አስጽፉ። የትኩስ ኮንክሪት የአየር መለኪያ ካላችሁም ዓይነቱን አረጋግጡ። ዓይነት ኤ የሚባለው ከ180 ሜትር በላይ የከፍታ ለውጥ ካጋጠመው እንደገና ካሊብሬት መደረግ አለበት፤ ዓይነት ቢ በዚህ አይነካም።

ስለ መላክ። ያልጠፋ ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ኦክሳይድ፣ በአውሮፕላን ሲጫን ዩኤን 1910 ተብሎ በአደገኛ ዕቃ ተራ ይገባል። የጠፋ፣ ማለትም ውሃ የጠጣ፣ ኖራ ዱቄት ይላክ፤ እሱም ነጭ ዱቄት ስለሆነ ያለ ወረቀት ጉምሩክ ላይ ይቆማል። ሣጥኑ ውስጥና ውጭ የደኅንነት መግለጫ፣ "ለላብራቶሪ ሙከራ፣ የንግድ ዋጋ የሌለው" የሚል ደረሰኝ፣ የተቀባዩ ስምና ስልክ ይኑር። ከረጢቱ ድርብ ሆኖ አየሩ ወጥቶ ይታሸግ፤ አየር ያገኘ ኖራ መንገድ ላይ ካርቦኔት እየሆነ ይሄዳል፣ የደረሰው ከተነሣው ጋር አንድ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች ናሙናውን ሲያሽጉና ሲከፍቱ 2 ግራም በ1,000 ዲግሪ አቃጥለው የጠፋውን ክብደት ቢመዘግቡ መንገድ ላይ የሆነው ነገር ይታወቃል። ፌኖልፍታሊኑን በአልኮል በጥብጣችሁ አትላኩ፤ ዱቄቱን ላኩና እዚያው ይበጥብጡት።

ወደ ግንቡ የሚኬደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከቅርስ ላይ የሚነሣ ጠጠር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ሥር ስለሚወድቅ ለማንሣትም ከአገር ለማስወጣትም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የእንግዳ ተመራማሪ ሻንጣ ውስጥ ከቶ መላክ ነውርም ወንጀልም ነው። ማመልከቻው ላይ ስንት ቦታ፣ ከየቦታው ስንት ግራም፣ ለየትኛው ሙከራ፣ ትርፉ የት እንደሚመለስ በዝርዝር ይጻፍ። ከየቦታው ከ50 እስከ 100 ግራም ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ለኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ማዕድኑን ለመለየት) ጥቂት ግራም፣ ለሙቀት ክብደት ትንተና (ሲሞቅ የሚቀንሰውን ክብደት ለመለካት) ሚሊ ግራም፣ በማይክሮስኮፕ ለሚታይ ስስ ንጣፍ ደግሞ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያልተፈረካከሰ ቁራጭ ይበቃል፤ ቀሪው በአሲድ ተሟሙቶ የአሸዋው መጠን ይለካበታል። የጎንደር ሞርታር አሸዋው እሳተ ገሞራ ወለድ ከሆነ አሲዱ የሚያሟሟው ኖራውን እንጂ አሸዋውን አይደለም፤ የኖራ ድንጋይ ፍርካሽ ከተቀላቀለበት ግን ውጤቱ ኖራውን አብዝቶ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ከፊቱ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ አንሡ። የማይክሮስኮፑ ሌላ ጥቅም የሲሚንቶ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) ቅንጣት ካለ መለየቱ ነው። እሱ ከታየ ናሙናው የአፄ ፋሲል ዘመን አይደለም፣ የጥገና ነው።

ከናሙናው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ቁጥሩ ነው። የጀርመን ወይም የፖርቱጋል ኮምፒውተር 12,5 ብሎ የሚጽፈውን የእኛው ኤክሴል 125 ወይም ጽሑፍ አድርጎ ያነባል። "12/03/2017" ደግሞ ለእኛ ኅዳር 12 ሲሆን ለእነሱ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 ነው። ኅዳር 12 ቀን 2017 በእነሱ ኖቬምበር 21 ቀን 2024 መሆኑን ማንም ከፋይሉ ሊያውቅ አይችልም። ሰዓቱም 6 ሰዓት ይለያያል፤ ጠዋት 3 ሰዓት የተቦካ ሞርታር እዚያ ሌሊት የተቦካ ይመስላቸዋል። ፋይሉ ላይ የናሙናው ዕድሜ በቀንና በሰዓት፣ ኃይሉ በኒውተን፣ የተለካው ስፋት በሚሊ ሜትር ካሬ ይጻፍ። የተሰላ ሜጋ ፓስካል ብቻ አትላኩ፤ ስህተት ሲኖር ወደ ኋላ ተመልሶ ማግኛ የለም።

ብዙ ላብራቶሪ በሚሳተፍበት ሙከራ ዜድ ውጤት (የአንዱ ላብራቶሪ ቁጥር ከሁሉም ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ) ይሰላል፤ እስከ 2 ደህና፣ በ2 እና በ3 መካከል አጠራጣሪ፣ 3 እና ከዚያ በላይ የወደቀ። ሁለት ላብራቶሪ ብቻ ሲሆን ግን ዜድ ትርጉም የለውም። የሁለቱ ውጤት ልዩነት ለሁለቱ እርግጠኛ አለመሆን (ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት የሚችልበት መጠን) ካሬዎች ድምር ስኩዌር ሩት ተካፍሎ ከ1 ካልበለጠ ተስማምተዋል ይባላል። ለምሳሌ እዚህ 1.20 ሜጋ ፓስካል ከ0.15 እርግጠኛ አለመሆን ጋር፣ እዚያ 1.50 ከ0.20 ጋር ከወጣ ልዩነቱ 0.30፣ አካፋዩ 0.25፣ ውጤቱ 1.2 ነው፤ አልተስማሙም። ያኔ የሚፈተሸው በቅደም ተከተል የካርቦኔት ዳሩ ውፍረት፣ የገባው ውሃ፣ ከዚያ የማሽኑ ቀለበት ነው። እርግጠኛ አለመሆኑን አለመገመት ወይም እንዲያልፍ ብሎ ማስፋት ግን ጨዋታውን ማበላሸት ነው።

የሰው ጉዞ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ለሠራተኛ ከ5 ቀን እስከ 2 ወር፣ ለተማሪ ከ2 እስከ 12 ወር ይፈቅዳል። ማመልከቻውን የሚያስገባው የአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ እዚያ ልባዊ ወዳጅ ከሌለ ጎንደር ብቻዋን ማመልከት አትችልም፤ ናሙና ቀድሞ መጓዙ የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው። ሠራተኛ ሲባል መምህር ብቻ አይደለም፣ ቴክኒሻንም ይካተታል። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ዕድል ለቴክኒሻን ነው የሚገባው። ሞርታሩን የሚያቦካው፣ ሞልዱን የሚቀባው፣ ማሽኑን የሚያነበው እሱ ነው፤ ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ቢሠሩ በኢሜይል ስድስት ወር የሚፈጀው ልዩነት ይጠፋል።

የተማሪው ጊዜ ከኖራው ጋር ይቆጠር። ሦስት ወር የሚቆይ ተማሪ ደርሶ ቢያቦካ የ90 ቀኑን ውጤት ሳያይ ይመለሳል፣ የ180ውንማ ጨርሶ። ዘንጎቹ እሱ ከመሄዱ ሦስት ወር ቀድመው እዚያ ይቦኩ፤ እሱ ሲደርስ የ90 ቀኖቹ ይሰበራሉ፣ ሲመለስ የ180ዎቹ ይደርሳሉ። ቪዛውም እንደዚሁ ይታሰብ። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ሸንገን ቪዛ መደበኛ መመርመሪያ ጊዜን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል፤ ማመልከቻው ደግሞ አዲስ አበባ እንጂ ጎንደር አይገባም። ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የየአገሩን የረጅም ጊዜ ቪዛ ይጠይቃል፤ ያ ሌላ ዶሴ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ የአገሩ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ክልሉን ከጠቀሰ የዩኒቨርሲቲው ኢንሹራንስ ላይሸፍነው ይችላል። ፕሮጀክቱ በእንግዳው መምጣት ላይ ከተንጠለጠለ ያኔ ይቆማል፤ በናሙናና በፋይል ላይ ከቆመ ግን ይቀጥላል፣ ስብሰባውም አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል።

ፊርማ ላይ ሲደረስ ከመግባቢያ ሰነዱ ይልቅ አባሪው ላይ ጊዜ አጥፉ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ጽሑፉ ላይ የማን ስም በምን ተራ ይገባል፣ ጥሬ ቁጥሩ ለማን ክፍት ነው፣ የላብራቶሪ ማሽን ከተሰጠ የጉምሩክና የመለዋወጫ ወጪ የማን ነው። ማሽኑ ላይ ከመስማማታችሁ በፊት ቮልቴጁንና ሄርዙን ጠይቁ፤ ከአሜሪካ ላብራቶሪ የሚለገስ ዕቃ 60 ሄርዝ ሊሆን ይችላል፣ የእኛ መብራት ግን 50 ነው። የመጨረሻው መስመር ስለ ትርፍ ናሙና ይሁን። ከእያንዳንዱ ከረጢት ግማሹ ሳይከፈት ጎንደር ይቀመጣል፣ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ለሁለት ዓመት አይጣልም፣ የላብራቶሪው ኃላፊ ሲቀየርም በርክክብ ዝርዝሩ ላይ በቁጥር ይገባል።